ሳይጭኑ መሞከር

ሰገነት ወልደ ሐዋርያት ሰቆጣ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍሏ የማትጽፈው ነገር አልነበረም። ማመልከቻ፣ የፈተና ወረቀት፣ የዕድር ደንብ፣ የሠርግ ጥሪ። አንድ የዝቋላ ወረዳ ሰው እንዲያውም ካኮረፈች ሚስቱ ጋር መታረቂያ ደብዳቤ አስጽፎ ሲያበቃ፣ «አንቺ ብትሆኚ በዚህ ትመለሽ ነበር?» ብሎ ጠይቋታል። «እኔስ አልመለስም» አለችው። ሰውየው ቁጭ ብሎ እንደገና አስጻፈ።

ከቀትር በኋላ ግን ክፍሏም ኮምፒውተሯም የአባቷ ነበሩ። መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ጥግ ካለው ወንበር ላይ ይቀመጡና የአገራቸውን ቋንቋ የኽምጣንጋን ቃላት ከነትርጉማቸው እየነገሩ ያጽፏታል። እንዲህ ሲያደርጉ ሦስት ዓመታቸው ነው።

«አማርኛውን ልጆቹ ትምህርት ቤት ያገኙታል» ይላሉ። «ይሄን ግን እኔ ይዤው ከሄድኩ ከየት ያመጡታል?»

መጽሐፉ አራት መቶ ገጽ አልፏል። ያስቸገረው አንድ ፊደል ብቻ ነው። ኽምጣንጋ በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ አለው፤ ሲጻፍ «ጘ» ነው። የሰገነት ኮምፒውተር ላይ የተጫነው የድሮ የግእዝ ፕሮግራም ይህን ፊደል አያውቀውም። ስለዚህ እሷ በቦታው የክፍተቱን ቁልፍ ሁለቴ እየመታች ታልፍና፣ ወረቀቱ ሲታተም በጥቁር እስክሪብቶ በእጇ ትሞላዋለች። ገጽ በገጽ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ።

ኪዳኑ የመጣው በ1999 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። የደሴ ልጅ ነው፤ የአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮችን ሊጠግን እስከ ሰኔ በሚቆይ ኮንትራት የተላከ። ደብዳቤ ሊያሳትም ገባና ማሽኑ በየደቂቃው ደርቆ ሲቀር አየ።

«ቫይረስ አለበት» አለ።

«ይድናል?»

«ይድናል። ግን ፍላሽ ይዞ የሚገባ ሰው ሁሉ መልሶ ያመጣልሻል።»

«እንግዲያው እርስዎም ተመልሰው ይመጣሉ ማለት ነው» አለች ሰገነት፣ ለቀልድ።

ኪዳኑ ግን ቀልዱን እንደ ቀጠሮ ቆጠረው። በየሳምንቱ መጣ። አንዳንዴ ቫይረስ ነበረ፣ አንዳንዴ አልነበረም፤ ባይኖርም መምጫ ምክንያት አያጣም ነበር። መሪጌታ ከጥጋቸው ሆነው ድምፁን ይሰሙና «ሐኪሙ መጣ» ይላሉ። ሰገነት ወደ ስክሪኑ እያየች ፈገግታዋን ትውጣለች።

ጉዱ የተፈጠረው በታኅሣሥ ነው። ያን ቀን ሰገነት ወረቀት ልትገዛ ወጣ ብላ ነበር። ኪዳኑ ማሽኑን አጽድቶ ሲጨርስ የመሪጌታን ጽሑፍ ከፍቶ አየ። በየቃሉ መሀል ትርፍ ክፍተት! ኽምጣንጋ አያውቅም፤ የቸኮለች ጸሐፊ ስሕተት መሰለው። «ላስተካክልላት» አለ በልቡ፤ ደስ ሊያሰኛት። ድርብ ክፍተቱን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ አጥፍቶ፣ አስቀምጦ ዘጋው።

ስትመለስ እየተኩራራ ነገራት።

ሰገነት ፋይሉን ከፈተች። ጠቅ አደረገች፣ ወረደች፣ አሁንም ወረደች። ክፍተቶቹ የሉም። ሦስት መቶውን ገጽ አትማ በእጇ ሞልታዋለች፤ ከወረቀቱ አይታ ትመልሰዋለች። የመጨረሻው መቶ ገጽ ግን ገና አልታተመም። ፊደሉ የቱ ቃል ውስጥ የት ቦታ ላይ እንደነበረ ከአባቷ በቀር የሚያውቅ የለም።

«ምን አደረግህ አንተ?» አለች። እስከዚያች ቀን «እርስዎ» ነበር የምትለው። «ማን ንካ አለህ? ይሄ እኮ ስሕተት አይደለም፣ ፊደል ነው!»

መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ይህ ከልጅቷ ቁጣ ይልቅ ኪዳኑን ከበደው። ይቅርታ ጠይቆ ወጣ።

ሦስት ሳምንት ዝር አላለም። ሰገነት ተናዳለች፣ እውነት ነው። ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ቀና ማለቷን ራሷም ታዘበችው፤ እሱም አናደዳት።

ከጥምቀት በኋላ መጣ። በእጁ አንድ ሲዲ ይዟል።

«ሊኑክስ ይባላል» አለ፣ በሩ ላይ እንደቆመ። «ኮምፒውተሩን ከሥሩ የሚያንቀሳቅስ ሌላ ፕሮግራም ነው። ደሴ ያለ ጓደኛዬ ከውጭ አገር በፖስታ ያስመጣው ነው፤ በነፃ።»

«ሊቀ ማን?» አሉ መሪጌታ።

«ሊኑክስ፣ መሪጌታ።»

«እኔ ደግሞ ሊቃውንት ገብተውልናል ብዬ።»

ሰገነት አልሳቀችም። «በነፃ የሚሰጥ ነገር ምን ይረባል? ማንስ ነው የሠራው?»

«ብዙ ሰው። አንዱ የሠራውን ሌላው ያርማል። የተሠራበት ጽሑፍ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያየዋል።»

«ማረም ነው ያልከኝ?» አለች ዓይኗን ሳትነቅል። «ማረምህንማ አይተነዋል።»

ኪዳኑ አንገቱን ደፋ። ግን አልወጣም። «ፊደልሽ አለው» አለ ቀስ ብሎ። «ትናንት ፈልጌ አገኘሁት። ደግሞ መጫን የለብሽም። ከሲዲው ላይ ብቻ ይነሣል፤ ያንቺን አንዱንም አይነካም። ካልወደድሽው ሲዲውን ታወጪዋለሽ፣ ሁሉም እንደነበረ ነው።»

«ሳይጭኑ መሞከር?» አለች። «ምነው ሌላውም ነገር እንዲህ በሆነ።» ካለችው በኋላ ፊቷ ጋለ።

ሲዲው እያጉረመረመ ቆየ። ሌላ መልክ ያለው ስክሪን ብቅ አለ። ኪዳኑ የፊደል ሠንጠረዡን ከፍቶ አንዱን መረጠና አጉልቶ አስቀመጠው፤ ጘ። ከጎኑ ጙ፣ ጚ፣ ጛ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ተሰልፏል።

ሰገነት እጇን አፏ ላይ ጫነች። መሪጌታ ተነሥተው አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ ቀረቡና ድምፁን አወጡት። ደግመው አወጡት። ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ።

መሞከሩ ቀላል ነበር። መጫኑ ነው ጭንቁ። በድሮው ፕሮግራም የተጻፈው በአዲሱ ላይ ሲከፈት የተመሰቃቀለ ምልክት ብቻ ይሆናል፤ አራት መቶው ገጽ እንደ አዲስ መጻፍ አለበት። ጣቶቿ የለመዱት የፊደል አቀማመጥም ሌላ ነው። ሰገነት የካቲትን ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ ከረመች። አንድ ቀን እንዲህ ስትል ጠየቀችው፦

«ብጭነውና ቢበላሽስ?»

«እኔ አለሁ።»

«አንተ በሰኔ ኮንትራትህ ያልቃል።»

ኪዳኑ የማውዙን ገመድ በጣቱ ጠቀለለ። «አዎ» አለ። «ባሕር ዳርም ሥራ ተገኝቶልኛል።»

«ታዲያ ልጫነው ትላለህ?»

ጫኚው ቢላት እንደምትጭነው ያውቃል። ከዚያ በኋላ በየምክንያቱ ትጠራዋለች፤ እሱም ይህን ከልቡ ይመኘው ነበር።

«አትጫኚው» አለ። «ሰቆጣ ውስጥ ይህን ነገር የሚያውቅ ከእኔ ሌላ ሰው የለም። በእኔ ላይ ተንጠልጥለሽ እንድትቀሪ አልፈልግም። መጀመሪያ ላስተምርሽ፤ ከዚያ ራስሽ ትወስኛለሽ።»

ሰገነት ደብተር አወጣች። ስለ ክፍተቶቹ የቀረው ቂሟም እዚያው ላይ አለቀ። የወደደችውም፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ በዚህች ቃል ነው።

እስከ ሰኔ ድረስ አስተማራት። ደብተር ሙሉ ጻፈች። አንዳንድ ጊዜ ማውዙ ላይ እጁ እጇን ይነካና ሁለቱም ትምህርቱ ይጠፋቸዋል፤ መሪጌታ ይስላሉ፣ ትምህርቱ ይቀጥላል። ሁለቱም ግን የልባቸውን አልተናገሩም። እሷ፣ ላገለገለኝ ውለታ መክፈያ እንዳይመስለው ብላ። እሱ፣ ያስተማርኳትን ላስከፍላት የፈለግሁ እንዳይመስላት ብሎ። የሄደ ዕለት መናኸሪያው ድረስ ሸኘችው። «በርቺ» አላት። «በርታ» አለችው። አውቶቡሱ ሄደ፤ ሰገነት ክፍሏ ገብታ በሯን ዘግታ አለቀሰች።

በሐምሌ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ሁሉንም ሁለት ቦታ ገልብጣ አስቀመጠችና ሲዲውን አስገባች። ማሽኑ በዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ሊጠፋ ነው፣ ልቀጥል ወይ ብሎ ጠየቃት። ወደ አባቷ ዞረች።

«ምን ይላል?» አሉ።

«ወስኚ ይላል።»

«ታዲያ እኔን ምን ታዪኛለሽ?»

ጫነችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ወር የሚወራ አይደለም። ማተሚያው አራት ቀን እምቢ አለ። ስልኩን አነሣችና መልሳ አስቀመጠችው፤ ደብተሯን ገለጠች። በአምስተኛው ቀን ማተሚያው ወረቀት ሳበ። ቀን ቀን የደንበኛ ሥራ፣ ከቀትር በኋላ መጽሐፉ። የጠፋውን መቶ ገጽ መሪጌታ ቃል በቃል ደግመው ነገሯት፤ እግረ መንገዳቸውንም ያልነበሩ ስድሳ ቃላት ትዝ አሏቸው። በኅዳር መጨረሻ የመጨረሻውን ገጽ አተመች። እስክሪብቶ የነካው ገጽ አልነበረም።

በማግስቱ ደወለች።

«ኪዳኑ፣ ና» አለችው። ሌላ አልጨመረችም።

በሦስተኛው ቀን አቧራ ለብሶ ከአውቶቡስ ወረደ። ቦርሳው ውስጥ ካቻቢቴ፣ ትርፍ ዲስክ፣ አምስት ሲዲ አለ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ ወደ ማሽኑ ጎንበስ አለ።

«የቱ ጋ ነው የተበላሸው?»

«ምንም አልተበላሸም።»

ቀና አለ። ስክሪኑ በርቷል፤ ከጎኑ መጽሐፉ በክር ተጠርዞ ተቀምጧል።

«ታዲያ ለምን ጠራሽኝ?»

ሰገነት እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ በቀጥታ አየችው። «ተበላሽቶብኝ ብጠራህ ኖሮ ለማሽኑ መጣህ ወይስ ለእኔ በምን አውቃለሁ? አንተስ እኔ የምፈልገው ማንን እንደሆነ በምን ታውቃለህ? ለዚህ ነው ሁሉ እስኪስተካከል የጠበቅሁት። አሁን የምታበጅልኝ ነገር የለም፤ አንተን ነው የፈለግሁት።»

ኪዳኑ ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «እኔ እኮ ለማሽን ብዬ እዚህ ቤት ገብቼ አላውቅም» አለ። «ከመጀመሪያው ደብዳቤ በቀር። እወድሻለሁ፣ ሰገነት።»

ውጭ የአውቶቡስ ረዳት የኮረምን ተሳፋሪ ይጣራል። ሁለቱም መሪጌታን ፈጽሞ ረስተዋቸው ነበር።

«አንተ ልጅ» አሉ መሪጌታ ከጥጋቸው። «ከደሴ ሽማግሌ ይዞ ለመምጣት ስንት ቀን ይፈጃል?»

ኪዳኑ ደነገጠ፤ ከዚያ ፊቱ በራ። «ደርሶ መልስ አራት ቀን ነው፣ መሪጌታ።»

«ታዲያ ምን ትቆማለህ?»