መከላከያ የሌለው መጋዝ

ተቀጣሪው አናጺ ምስጋናው የመጋዙን ክንድ ወደ ላይ መልሶ፣ ዲስኩ ገና መሽከርከሩን ሳያቆም ቁራጩን ሊያነሳ ግራ እጁን ሰደደ። ፋሲካ በአባቷ እንጨት ቤት ሜትር እንደያዘች የማሽኑ ድምፅ ሲለወጥ ሰማች። እንጨት ሲቆረጥ የሚወጣ ድምፅ አልነበረም። ወዲያው ነጩ ሰጋቱራ ላይ ደም ተረጨ።

ምስጋናው አልጮኸም። እጁን የሌላ ሰው ይመስል ትክ ብሎ አየውና ሰጋቱራው ላይ ተቀመጠ። ሁለት ጣቶቹ አልነበሩም።

ወንድሟ ላቀው ሮጦ ሶኬቱን ነቀለ። ፋሲካ ሻርፗን ከአንገቷ አውልቃ ቁስሉን ጠቀለለችና በሁለት እጇ ጨመቀችው። ደሙ በጣቶቿ መካከል እየሞቀ ወጣ።

«እጁን ወደ ላይ አድርጊው። እንዳትለቂው» አላትና ላቀው ባጃጅ ፍለጋ ወደ ቁስቋም መንገድ በረረ።

ባጃጁ ሲመጣ ጎረቤት ያለው አናጺ አስማረ ምስጋናውን ይዞ ሆስፒታል ሄደ። አባቷ አዳነ ብሎን ሊገዛ አራዳ ገበያ ወርዶ ነበርና ሲመለስ በሩ ላይ ሰው ተሰብስቦ ጠበቀው። ከኋላው የምስጋናው ታላቅ ወንድም አያ አስናቀው መጣ። ከድብ ባሕር አብረው መጥተው አንድ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ወንድማማቾች ናቸው። አያ አስናቀው ዱላውን በሁለት እጁ ይዟል። ደሙንም ማሽኑንም አየ።

«ይሄ ስለት ክዳን ነበረው» አለ በቀስታ። «ምሳ ላመጣለት ስመጣ አይቼዋለሁ። ማነው የፈታው?»

ፋሲካ ታውቃለች። ጠዋት ሌሎቹ ሳይገቡ አባቷ በካቻቢቴ መከላከያውን ሲፈታ ብሎኖቹን ተቀብላ የያዘችው እሷ ነበረች። መከላከያው ክንዱ ሲነሳ ወርዶ ዲስኩን የሚሸፍን ነው። ሰሞኑን ግን እየተቀረቀረ ሥራ ያጓትት ጀመር፤ የትምህርት ቤቱ መስኮቶች ደግሞ ለሰኞ ተፈልገዋል። «ማታ እመልሰዋለሁ» ብሏት ነበር።

አባቷ ዱላውን አየ። ቀጥሎ ላቀውን አየ። በጥፊ ሲመታው ድምፁ እንደ እንጨት ስንጥቅ ጮኸ።

«ስንቴ ነው የምነግርህ!»

ላቀው ጉንጩን ይዞ ቀረ። «አባዬ፣ እኔ እኮ አል...»

አላስጨረሰውም። ከግድግዳው ሥር ቀጭን ጣውላ አንስቶ ትከሻውን፣ ጀርባውን፣ ፊቱን ሊሸፍን ያነሳውን ክንዱን ደበደበው። ጣውላው ለሁለት ሲሰበር በእግሩ ቀጠለ። ላቀው ባለፈው ክረምት መከላከያውን በሽቦ አስሮ ሲሠራ ተይዞ ስለነበር ማንም አልተጠራጠረም። አያ አስናቀው ራሱ ዱላውን ሰንዝሮ አንድ ጊዜ ጎኑን ካገኘው በኋላ ሰዎች ወገቡን ይዘው ጎተቱት። «የወንድሜ ጣት ነገር በዚህ አይበርድም» እያለ ወጣ።

ፋሲካ ከማሽኑ ጎን ቆማለች። እጇ ላይ ያለው ደም እየደረቀ ቆዳዋን ይስባል።

አመሻሽ ላይ አባቷ ጓሮ ጠራት። ዓይን ዓይኗን አላያትም።

«እኔ መሆኔን ቢያውቅ ያ ዱላ ጭንቅላቴ ላይ ነበር የሚያርፈው። ላቀው ልጅ ነው። ለልጅ ምሕረት አይጠፋም። ያየሽውን አላየሽም፣ ገባሽ?»

«ገባኝ» አለች።

ላቀው አልጋው ላይ በደረቱ ተኝቶ ነበር። ከንፈሩ ተሰንጥቆ አንድ ዓይኑ ተደፍኗል። እርጥብ ፎጣ ጀርባው ላይ ስታደርግለት ጥርሱን ነከሰ።

«ጠዋት እዚያ ነበርሽ አይደል?» አላት።

ፎጣውን አገላበጠችው።

«አቦ ተይው። ብትናገሪ አንቺንም ይሰብርሻል። እኔ ለምጄዋለሁ።»

ይሄ የመጨረሻው ቃል ከዱላው ሁሉ የከፋ ሆነባት። በነጋታውም፣ ከዚያም በኋላ ክፍል ውስጥ ስትቀመጥ ትሰማው ነበር። ላቀው ትምህርት ቤት መሄድ ተወ። ልጆቹ «ጣት ቆራጩ» የሚል ስም አውጥተውለታል።

ምስጋናው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ እሑድ ዕለት ሽማግሌዎች ነገሩን ለማብረድ አያ አስናቀው ግቢ ተሰበሰቡ። ምስጋናው እጁ ተጠቅልሎ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። አያ አስናቀው ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሟል። አዳነ ነጭ ጋቢ ለብሶ ከሽማግሌዎቹ ጎን ቆመ። ላቀው በእርቁ ወግ መሠረት ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ገባ። ቁስሉ ገና ስላልሻረ እግሩ ይንቀጠቀጣል።

«በል ልጄ፣ ጥፋትህን ተናገርና ይቅርታ ጠይቅ» አሉት አንዱ ሽማግሌ።

«መከላከያውን...» አለ ላቀው።

ምስጋናው ፊቱን አዞረ። «እኔስ ምነው ዝም ብዬ ሥራ ጀመርሁ» አለ ለራሱ እንደሚናገር። «መከላከያው እንደሌለ አይቻለሁ። ጋሽ አዳነ ሳያውቅ አይፈታም ብዬ ነው።»

አዳነ መሬት መሬቱን ያያል።

ፋሲካ ከሴቶቹ መካከል ተነሳች። ምን እንደምታደርግ ለራሷም አልታወቃትም፤ እግሯ ግን ሄደ። ወንድሟ ጋ ደርሳ ድንጋዩን ከማጅራቱ ላይ በሁለት እጇ አነሳችው። ካሰበችው በላይ ከባድ ነበር።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አላት ላቀው በሹክሹክታ።

ደረቷ ላይ አስደግፋ ግቢውን አቋረጠችና ድንጋዩን ከአባቷ ጫማ ፊት አስቀመጠችው።

«ብሎኖቹን እኔ ነኝ የያዝሁለት፣ አያ አስናቀው» አለች። «ያን ዕለት ጠዋት፣ ሲፈታው።»

አያ አስናቀው ዱላውን ጨብጦ ተነሳ፤ ሁለት ሽማግሌዎች አብረውት ተነሱ። የአባቷ ቀኝ እጅ ከጋቢው ውስጥ ሲወጣ አየች። ያን እጅ ታውቀዋለች።

ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።