የፖም ለቀማው ቂም

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ ሁሉ «ቁንዶ» ነው የሚላት። ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ደግሞ እንደ ቁንዶ በርበሬ የሚያቃጥል ስለሆነ አባቷ ገና በልጅነቷ ያወጡላት ስም ነው። የሠርግ ልብስ በማጥበብና በማስፋት የታወቀች ናት። መርፌ በከንፈሯ ይዛ ድምፅ ሳታሰማ ስትሠራ ያያት ሰው፣ ይህች ልጅ ዓመት ሙሉ ቂም ቋጥራ እንደከረመች አይጠረጥርም።

ቂሙ የተቋጠረው የፖም እርሻ ላይ ነው።

መኸር ገብቶ የዛፉ ቅጠል ቢጫና ቀይ እየሆነ መርገፍ ሲጀምር፣ ቤተሰቡ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የፖም እርሻ መሄድ ልማዱ ነበር። እንግዳው ራሱ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ራሱ ለቅሞ፣ በቅርጫት ይዞ የሚመለስበት እርሻ ነው። በትራክተር የሚጎተት ጋሪ አለ። በደረቀው የበቆሎ ማሳ ውስጥም ለጨዋታ ተብሎ የተሠራ ጠመዝማዛ መንገድ አለ፤ የገባበት ሰው ሳይጠፋ አይወጣም። ይህን ቀን ከሁሉም አብልጠው የሚናፍቁት አባቷ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከዋዜማው ጀምረው «ሻዩ በየትኛው ፔርሙዝ ይያዝ?» እያሉ እናቷን ያደርቋቸዋል።

ቂም የያዘችበትን የመሬት ቀያሽ ያገኘችውም እዚያው ነው። መሰላል ላይ ሆና የያዘችው ፖም አመለጣትና ከሥር የሚያልፍ ረጅም ሰው አናት ላይ አረፈ።

«ውይ! ተጎዳህ?»

«እኔስ ደህና ነኝ፤ የተጎዳው ፖሙ ነው» አላት አናቱን እያሻሸ።

ቀና ብሎ አያት። ዓይኑን ቶሎ አልነቀለም፤ እሷም ቶሎ አልወረደችም። መሬት እየለካ ካርታ የሚያወጣ ባለሙያ መሆኑን የነገራት ቅርጫቷን ተሸክሞላት ሲሄዱ ነው። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ «ይጥበብልኝ» እያለ ሱሪ ይዞ ሱቋ ይመጣ ጀመር። ሱሪዎቹ ጠበው ጠበው መቀመጥ ሲያቅተው እውነቱን አወጣው፤ ወዷታል። እሷም ወደደችው።

በዓመቱ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች እንዲተዋወቁ ተብሎ የእሱ እናት አብረው ወደ እርሻው ሄዱ። የትልቅ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናቸው፤ ልጃቸውን ያለ አባት ብቻቸውን ነው ያሳደጉት። ቀኑን ሙሉ ጥርሳቸው አልታየም። ዛፍ ሥር ምንጣፍ ተነጥፎ ዳቦና ሻይ ሲቀርብ፣ የቁንዶ አባት እንደ ልማዳቸው የአውቶቡስ ጨዋታቸውን ጀመሩ። ርዕሰ መምህርቷ ስኒያቸውን አስቀምጠው አቋረጧቸው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔ ልጄን ያስተማርኩት ከሹፌር ቤት ላጋባው አይደለም። ሽርሽር ሌላ፣ መዛመድ ሌላ።»

ምንጣፉ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ቀያሹ ዞረ። ቁንዶ አንድ ቃል ጠበቀች፤ አንድ ብቻ። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ፖም መላጡን ቀጠለ። ልጣጩ እየረዘመ፣ እየረዘመ ሄደ።

አባቷ «እውነታቸውን ነው፤ ሹፌር ወሬ ያበዛል» ብለው ሳቁ። ሲመለሱ ግን የመኪናው የኋላ ወንበር ላይ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው እስከ ቤት ድረስ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ የሽርሽር ነገር በተነሳ ቁጥር ጉልበታቸውን ያማቸው ጀመር።

ቁንዶ የቀያሹን ስልክ ማንሳት አቆመች። ሱቋ ሲመጣ በጓሮ ትወጣለች። እናቷ ጨነቃቸው።

«ለፈጣሪ ስጪው፣ ልጄ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው።»

«ጸሎቱን ትቼዋለሁ፣ እማዬ። የያዝኩት ቂሙን ብቻ ነው።»

ሌላው መኸር ሊገባ ሲል ቀያሹ ሱቋ በር ላይ ቆመ። ጓሮው ተቆልፎ ስለነበር መውጫ አጣች። ከስቷል።

«ሰበብ ይዤ አልመጣሁም» አላት። «ፈራሁ። ጢም ያወጣሁ ሰው እናቴን ፈርቼ አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።»

ቁንዶ መርፌውን ከከንፈሯ አወጣች። ናፍቃው ነበር። በዚያው ቅጽበት ደግሞ ዓመት ሙሉ ስትፈልገው የኖረችው ነገር መጣላት። ፈገግ አለች።

«ይህን ለእኔ አትንገረኝ። እሑድ እርሻው እንሄዳለን። እናትህን ይዘህ ና። በሁሉም ፊት አባባን ‹ልጅዎን ይስጡኝ› ብለህ ጠይቃቸው።»

የሰውዬው ፊት በራ። አንጀቷ ሊራራ ሲል ጎትታ መለሰችው።

ከሄደ በኋላ፣ ከጀርባ አዝራር ስትተክል የነበረችው ታናሽ እህቷ ሥራዋን ጣለች።

«ምን ልታደርጊ ነው? ያ ፈገግታሽ ደግ አይደለም።»

«እናቱ እያዩ ይለምነኛል። ያኔ አልፈልግህም እለዋለሁ።»

«ትወጂዋለሽ እኮ!»

«ለዚህ እኮ ነው የት ላይ እንደሚያመው የማውቀው።»

እሑድ ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ቀዝቀዝ ብሏል። አባቷ «ጉልበቴ» ሊሉ ሲሞክሩ ቁንዶ ራሷ ካፖርታቸውን አልብሳ፣ ክንዳቸውን ይዛ መኪና ውስጥ አስገባቻቸው። ርዕሰ መምህርቷ ቀድመው ደርሰዋል። ልጃቸው ከቤት ለቅቆ ሊወጣ ሲል ነው እሺ ያሉት፤ የሐር ሻርፓቸውን አጥብቀው አስረው፣ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

ፖም ለቀሙ። እህቷ የረገፈ ቅጠል በእቅፏ ሰብስባ እናቷ ላይ በተነችው፤ እናቷም እንደ ልጅ እየጮሁ አባረሯት። ቁንዶና ቀያሹ የበቆሎው ማሳ ውስጥ ገቡ። ጥቂት እንደሄዱ መንገዱ ተዘጋባቸው። ተመለሱ፤ ያም ተዘጋ።

«ቀያሽ ሆነህ መንገድ ይጠፋሃል?»

«አውቄ ነው የጠፋሁት። ከዚህ ከወጣን ሰው ይበዛብናል።»

ሳቋ አመለጣት። ደረቅ የበቆሎ ቅጠል ፀጉሯ ላይ ተሰክቶ ነበር፤ እጁን ዘርግቶ ቀስ ብሎ ነቀለላት። እጁ ጉንጯ አጠገብ ቀረ። ዙሪያቸውን የደረቀው ቅጠል ብቻ ይንሾካሾካል። «ይቅር በይው» አላት ልቧ። ወዲያው ግን የአባቷ ፊት፣ ወደ መኪናው መስኮት የዞረው ፊት፣ ድቅን አለባት።

«እንውጣ» አለችው። «ይጠብቁናል።»

ምንጣፉ ላይ ሻይ እንደተቀዳ ቀያሹ ተነስቶ አባቷ ፊት ቆመ።

«ጋሼ፣ ልጅዎን እወዳታለሁ። ፈቃድዎ ከሆነ፣ እሷም እሺ ካለች፣ ላገባት እፈልጋለሁ።»

አባቷ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ቁንዶ ብድግ አለች። ፊቷን ያዞረችው ወደ ርዕሰ መምህርቷ ነው።

«እትዬ፣ አምና እዚህ ተቀምጠው ያሉትን ያስታውሳሉ? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ‹ልጄን ያስተማርኩት ከሹፌር ቤት ላጋባው አይደለም› አሉ። ይኸው፣ የተማረው ልጅዎ ሹፌሩ ፊት ቆሞ ይለምናል። መልሱን ከእኔ ይስሙ፤ አልፈልገውም! ሰው ሲዋረድ ፖም የሚልጥ ወንድ ለሹፌር ልጅ አይመጥንም።»

በየዛፉ ሥር የተቀመጡት ቤተሰቦች ጨዋታቸውን አቋርጠው ዞሩ። የርዕሰ መምህርቷ ፊት አመድ መሰለ። ቀያሹ እንደተተከለ ቀረ። ቁንዶ ደረቷ ውስጥ የሚሞቅ፣ የሚጣፍጥ ነገር ሲፈስ ተሰማት። ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ይህንን ነው።

ከዚያ አባቷን አየች።

የያዙት ሻይ ሱሪያቸው ላይ ፈሷል። የማያውቋቸው ሰዎች ሁሉ እሳቸውን ያያሉ፤ የተሰደበው ሹፌር ማን እንደሆነ ሊያዩ። ዓመት ሙሉ እንዲረሳላቸው ሲታገሉት የኖሩትን ስድብ ልጃቸው በጩኸት አወጀችው።

«ልጄ» አሏት ዝግ ብለው፣ «ለምን ደገምሽው?»

ተነስተው በዛፎቹ መሃል ሄዱ። ቁንዶ ልትከተላቸው ፈልጋ ቀረች። የጣፈጣት ነገር መረራት።

ቀያሹ ወደ እናቱ ዞረ።

«እማዬ፣ አምና ዝም ያልኩት ልክ ስለሆንሽ አልነበረም። ፈርቼሽ ነው። ዛሬ አልፈራሽም። አፍሬብሻለሁ፤ በራሴም አፍሬያለሁ።»

ይህን ብሎ ቁንዶን ሳያያት አባቷን ተከትሎ ሄደ።

ቆዩ። ሁለቱ ወንዶች ምን እንደተባባሉ የሰማ የለም። በኋላ ግን የሞተር ድምፅ መጣ፤ ትራክተሩ ጋሪውን እየጎተተ ከዛፎቹ መሃል ብቅ አለ። መሪውን የያዙት አባቷ ናቸው! ካፖርታቸውን አውልቀዋል፤ ቀያሹ ከጋሪው ላይ ቆሞ፣ የትራክተሩ ባለቤት አጠገቡ ተቀምጦ ይስቃል።

«ርዕሰ መምህርት!» ብለው ጮኹ አባቷ። «ይሳፈሩ! የመጨረሻው ዙር ነው!»

«እኔ? በጭራሽ!»

«ውጪ፣ እማዬ» አለ ልጃቸው እጁን ዘርግቶ። በዚህ ድምፅ ተናግሯቸው አያውቅም። ወጡ።

አባቷ እርሻው ውስጥ ካለው ጉድጓድ አንዱንም አልሳቱም። ጋሪው ሲዘል ርዕሰ መምህርቷ ይዘላሉ፤ ሲያጋድል ያጋድላሉ። ሻርፓቸው ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅሎ ቀረ።

«ኧረ ቀስ! ልንሞት ነው እኮ!»

«አይዞዎት፣ ከእኔ ጋር ተሳፍሮ የሞተ የለም! ያዙ፣ ትልቁ ጉድጓድ መጣ!»

በየምንጣፉ ያለው ሰው አጨበጨበ። የቁንዶ እናት ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሲወርዱ የርዕሰ መምህርቷ ፀጉር ገለባ ለብሷል። ጋሪውን ተደግፈው እስኪተነፍሱ ቆዩ።

«ይገባኛል» አሉ በመጨረሻ። «አጥፍቻለሁ። ይገባኛል።»

«ገና ነው እንጂ፣ መመለሻው አለ» አሉ አባቷ፤ ግን እጃቸውን ዘርግተው ምንጣፉ ላይ አስቀመጧቸው፤ ሻይም ራሳቸው ቀዱላቸው።

ቁንዶ አባቷ እግር ሥር ቁጭ አለች። «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«እዚያ ዛፎቹ መሃል ይህን ልጅ ምን ብዬው እንደመጣሁ ታውቂያለሽ? ‹ልጄ ክፉ ናት፤ አስብበት› አልኩት። አሰበ። ሐሳቡ ያው ነው።»

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ፣ ቅርጫቶቹ መኪና ላይ ሲጫኑ፣ ቀያሹን ከዛፍ ሥር ብቻውን ቆሞ አገኘችው።

«መልሴን ሰምተሃል» አለችው።

«ሰምቻለሁ። እርሻው ሁሉ ሰምቷል።»

«ታዲያ ለምን አትሄድም?»

«እስኪበርድልሽ እየጠበቅኩ ነው።»

ትክ ብላ አየችው። የእሱም ዓይን አልሸሸም።

«ብዙ ትጠብቃለህ» አለችው።

ጠበቀ። ቅጠሉ ረግፎ አለቀ፤ ዛፎቹ ራቁታቸውን ከርመው እንደገና አበቡ። የተጋቡት ፖሙ እንደገና ሲቀላ ነው። ዛሬም ማታ ማታ ቀያሹ መብራት ከማጥፋቱ በፊት «ይቅር ብለሽኛል?» ብሎ ይጠይቃታል።

«ገና ነኝ» ትለዋለች።

«ጊዜ አለን» ይላታል።