ዓባይ በረሃ ላይ እምቢ ያለው ፍሬን

የደምለውን አስከሬን ከዓባይ በረሃ ገደል ሲያወጡት ግንባሩ ላይ እምነት ነበረበት፤ ከቤተክርስቲያን የሚመጣው አመድ፣ በአውራ ጣት የተቀባ። ኢንስፔክተር ሶልያና መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው።

መኪናዋን ደብረ ማርቆስ ውስጥ የማያውቃት የለም። ደምለውና ጓደኛው መሳፍንት ጋራዣቸው ውስጥ በእጃቸው የሠሯት፣ መሬት ልሳ የምትሄድ፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ተነሳች ሲሏት መቶ የምትገባ ጉድ! ያዘዛት ነጋዴው እንዳላማው ነው። ደምለው አዲስ አበባ ሊያስረክበው እየነዳ ነበር።

አሁን መሳፍንት ታስሯል። «የኔም ስም ይጻፍባት» እያለ ከደምለው ጋር ሲጨቃጨቅ እንዳላማው ሰምቷል።

«ከኋላው እየነዳህ ነበር አይደል?» አለችው ሶልያና እንዳላማውን። «መቼ ነው ያመለጠችው?»

«ግማሽ ቁልቁለት ድረስ ጥሩ ስትይዝ ነበር። ከዛ የፍሬን መብራቷ እንደበራ በረረች። ያ ቀናተኛ ነው የነካካት!»

ሶልያና እስር ቤት ሄደች። መሳፍንት ዓይኑ አብጧል።

«የፍሬን ዘይት ማን ሞላ?»

«እኔ። ክዳኑን ሳልዘጋ ደምለው ጎማ እንይ ብሎ ጠራኝ። ተመልሼ ዘጋሁት።»

«በመሃል ማን ገባ?»

«ማንም። እህቱ እትዬ እስከዳር ብቻ ቁርስ ይዘውልን መጡ።»

ሶልያና ከስብርባሪው የተረፈውን የፍሬን ዘይት ብርጭቆ ውስጥ ገልብጣ ጠበቀች። ግራጫ ነገር ስሩ ዘቀጠ። እስከዳር ደምለውን እንደ እናት ያሳደጉ ናቸው፤ መሳፍንትን ለማስፈታት እሳቸውን መስበር ሊኖርባት ነው።

ሁሉንም ጋራዡ ሰበሰበቻቸው። መሳፍንት በካቴና፣ እስከዳር በጥቁር ልብስ።

«የፍሬኑ ቱቦ ተቆርጦ ቢሆን ገና አፋፉ ላይ እምቢ ይል ነበር» አለች። «ግን ግማሽ ድረስ ይዟል። ዲስኩም በግለት ሰማያዊ ሆኗል። እንዲህ ያለች ፈጣን መኪና ቁልቁለት ላይ ስትያዝ ፍሬኗ እሳት ነው። ንጹሕ ዘይት ያን ግለት ይችላል። ውሃ ከገባበት ግን ይፈላል፣ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ደግሞ ሲረገጥ ይጨመቃል እንጂ ፍሬኑን አይገፋም።»

«ታዲያ ውሃ ጨመረበታ!» አለ እንዳላማው ወደ መሳፍንት እየጠቆመ።

«ሊገድል የመጣ ሰው ጠበል አይጨምርም። ዘይቱ ስር እምነት አግኝቻለሁ፤ ደምለው ግንባር ላይ የነበረው።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እትዬ እስከዳር፣ ደምለውን የቀቡት እርስዎ ነዎት?»

እስከዳር ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«ከዚህ ሁሉ ብረት ነፍስህን የሚጠብቅልህ የቱ ነው ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀብኝና ያቺን የዘይት ዕቃ አሳየኝ፤ ‹ፍሬኔ ናት› አለኝ። እነሱ ጎማ ሲያዩ ጠበሉን ከእምነቱ በጥብጬ አንድ ስኒ ጨመርኩባት። እንድትጠብቅልኝ ብዬ...» ቆም አሉ። «እኔ ነኛ?»

ሶልያና የመሳፍንትን ካቴና ፈታች። ሄዶ እስከዳር እግር ስር ቁጭ አለ።

«እርስዎ አይደሉም፣ እትዬ። የሞላሁት ዘይት ከርሞ ውሃ የያዘ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አንተ ልጅ» አሉት ፊቱን በነጠላቸው እየጠረጉ፣ «ውሸት መቼ ሆኖልህ ያውቃል?»

ይሄኔ መሳፍንት እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ሊያባብላቸው የሄደውን ልጅ እሳቸው አቅፈው ያባብሉት ጀመር።