የሐጂ ባቢክር ማራገቢያ

መርማሪ ሲረልኸቲምን በሩ ላይ የተቀበለው ሽታው ነበር፤ የላብ፣ የመድኃኒትና የተቃጠለ ሽቦ ሽታ። ሐጂ ባቢክር ሕይወታቸው አልፎ አልጋቸው ላይ እንደተጋደሙ ናቸው። የዓይናቸውን ቆብ ገለጥ ሲያደርግ ነጩ ላይ ቀያይ ነጠብጣቦች አየ። ትራሱን ገለበጠው። ከሥሩ በኩል ደም የነካው ምራቅ ደርቆበታል። የጣሪያው ማራገቢያ ቆሟል።

«አባቴን ሙቀት ነው የገደለው» አለ ከባሕረ ሰላጤው ዓረብ አገር በቅርቡ የተመለሰው ልጃቸው ሙዘሚል። «እህቴ ኢንቲሳር ባለፈው ሳምንት የአምፖል ብርሃን መቀነሻ ገዝታ ለማራገቢያው አስገጠመች። ሞተሩን አቃጠለው። በአትባራ ከተማ ሙቀት በሽተኛ ያለ ማራገቢያ ያድራል?»

«እኔ ምንም አልገዛሁም» አለች እህቱ።

«ያስታመምሽው አንቺ፤ ታዲያ ማን ይጠየቅ?» አሉ አክስታቸው ሐጃ ዘይነብ።

ኢንቲሳር እስር ቤቱ ከወዲሁ ታያት።

መርማሪው ወደ አክስትየዋ ዞረ። «እርስዎ የት ነው የሚተኙት?»

«የት ልተኛ፣ ግቢ ነዋ። አልጋዬ ከዚህ መስኮት ሥር ነው። በዚህ በጋ ቤት ውስጥ የሚተኛው በሽተኛና እንደ ሙዘሚል ያለ ከውጭ የመጣ ቅምጥል ብቻ ነው።»

«ትናንት ማታ ምን ሰሙ?»

«ይሄ ማራገቢያ እንደ ንብ ቀፎ እምም ሲል እንቅልፍ ነሳኝ። ከትናንት በፊት ንፋሱ ብቻ ነበር የሚሰማኝ።»

«ትናንት ከሰዓት ቤት ማን ነበር?»

«እኔና ኢንቲሳር ሠርግ ቤት ውለን ማታ ነው የገባነው። አባቱን የጠበቀው ሙዘሚል ነው።»

መርማሪው ማብሪያውን ከግድግዳው ፈትቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠ። ሦስቱም ከበቡት።

«የአምፖል መቀነሻ ለማራገቢያ አይሆንም» አለ። «ሞተሩ ይጮኻል፣ ይግላል፣ በመጨረሻ ይቃጠላል። ሳምንት ቆይቶ ቢሆን ሐጃ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ባጡ ነበር። የተገጠመው ትናንት፣ ሴቶቹ በሌሉበት ነው። ደግሞ ከፊት ሲታይ ከማራገቢያ መቆጣጠሪያ አይለይም። የአምፖል መሆኑ የተጻፈው ከጀርባው ነው፤ እኔም ገና አሁን ፈታሁት። አንተ ከየት አወቅህ?»

ሙዘሚል አንድ እርምጃ ወደ በሩ አፈገፈገ።

«ዓይናቸው ላይ ያሉት ቀያይ ነጠብጣቦችና ትራሱ ላይ ያለው ደም የመታፈን ምልክት ናቸው። ሙቀት አፍ አያፍንም፤ ትራስ ነው የሚያፍነው። ማራገቢያውን ያቃጠልከው ጥፋቱን እህትህን ልታሸክማት ነው።»

ሙዘሚል ትከሻውን ሰበቀ። «ያው ሊሞት ነበር። ቤቱን አልሸጥም ብሎ ዓመት አጉላላኝ።»

መርማሪው ውሃ ቢያገኝ ይህን የሰማበትን ጆሮ በታጠበ። ሐጃ ዘይነብ ኢንቲሳርን ቀና ብለው ማየት አቃታቸው።

አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ብቅ ብለው፣ አባቱን የሚያጥበው የበኩር ልጅ ነውና፣ ለአስከሬኑ ውሃ ይቅረብ እንደሆን ሙዘሚልን ጠየቁት።

«አባቴን እርስዎ ይጠቡልኝ፣ አባባ» አለች ኢንቲሳር። «የሱ እጅ አይንካው።»