ነጯ ኳስ ለብቻዋ

አባቷን ያገኙት ጠዋት፣ ፑል ቤቱ ከመከፈቱ በፊት ነው፤ ከጓሮ ባለችው ማጠቢያ ክፍል፣ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ፣ በባዶ እግሩ፣ ቀዩ ማሽን ሥር ተዘርሮ። ልብስ ሰፊዋ ልጁ ሥራዋን ጥላ ሮጣ እስክትደርስ ሰዉ ፍርዱን ጨርሶ ነበር። ሠላሳ ዓመት የፑል ኳስ በእጁ የወለወለ ሰው፣ የሚተካው ማሽን ሲመጣበት ተስፋ ቆረጠ፤ ኤሌክትሪኩን ራሱ ጨበጠ፤ አለቀ። የሰው አፍ መች ያርፋል።

እሷን ያንገበገባት ግን ሞቱ ብቻ አልነበረም። ትናንት ምሳ ላይ ሲያስቃት ነው የዋለው። ልቡ ውስጥ ሞት ይዞ የሚያስቃት ከነበረ፣ አባቷን አታውቀውም ነበር ማለት ነው። ትቷት ሄዶ እንደሆነ ማወቅ አለባት፤ ሌላው ሌላ ነው።

የመጣው መርማሪ ከዝግታው የተነሣ ባልደረቦቹ «ቀስ በቀስ» የሚሉት ሰው ነው። እሱም «እንቁላል በእግሩ የሄደው እንዲሁ ነው» እያለ ይመልስላቸዋል። ዛሬ ግን ልጅቷን ሲያይ ቀልዱን ዋጠው።

ነገሩን በየተራ ጠየቀ። የፑል ቤቱ ባለቤት እትዬ እንደነገሩት፣ አንድ የማሽን ነጋዴ ሁለት የኳስ ማጠቢያ ማሽን፣ አንድ ቀይና አንድ ሰማያዊ፣ ለሳምንት ሙከራ አምጥቶላቸዋል። ዛሬ ከሰዓት ነጋዴው ራሱ ቀዩን አስነሥቶ ሊያሳያቸው፣ እሳቸውም አንዱን ሊመርጡ ነበር። ነጋዴው ላቡን እየጠረገ፣ የገዛ ዕቃውን አበላሽቶ ገዢ ፊት የሚቀርብ ሞኝ ካለ ያሳዩኝ አለ። ሦስተኛው የሟች የሠላሳ ዓመት ወዳጅ ነው፤ የጠረጴዛዎቹን አረንጓዴ ጨርቅ ስለሚወጥር ሁሉም «ወጣሪው» ይለዋል። «መሞት የነበረብኝ እኔ ነኝ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም። ኀዘንተኛ የማይለው የለምና ማንም ልብ አላለውም።

መርማሪው የቀዩን ማሽን ክዳን ከፈተና ኳሶቹን ቆጠረ። አሥራ አምስት ናቸው። ነጯ የለችም። ከሟች ኮት ኪስ፣ በለስላሳ ጨርቅ ተጠቅልላ ተገኘች።

«ይቺ ለምን ለብቻዋ ሆነች?»

«ከሌሎቹ ጋር አያጥባትም» አለች ልጅቷ። «ቀኑን ሙሉ የምትመታው እሷ ናት፣ ለብቻዋ በእጅ ትታሽ ይላል።»

ከዚያው ኪስ የታጠፈ ወረቀት ወጣ። ጽሑፉ ይንቀጠቀጣል። «ሰማያዊው፦ ቀስ ይላል፤ ቁጥሩን አይፍቅም። ቀዩ፦» ይልና ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። ልጅቷ ባዶውን ስታይ እንባዋ መጣ። ጽሑፉን ምን እንዳንቀጠቀጠው መርማሪው ሲጠይቃት፣ አባቷ አታውሪ ብሎ ያስማላትን ነገር አወራች። ጣቶቹ ከደረቁ አምስት ወር ሆኗቸዋል፤ የሸሚዙን ቁልፍ እንኳ የምትቆልፍለት እሷ ናት።

መርማሪው ካቻቢቴ ተቀብሎ የማሽኑን ሥር ሲፈታ ቆየ። ቀጥሎ ወደ አዳራሹ ወጥቶ፣ በየጠረጴዛው ሥር እየተንበረከከ አየ። ነጋዴው «ምን ጠፋበት?» ብሎ አጉተመተመ።

ከሰዓት በኋላ አራቱንም መካከለኛው ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰባቸው።

«በመጀመሪያ፣ ሰውየው ራሱን አላጠፋም» አለ። «ሊሞት የመጣ ሰው ነጯን ጠቅልሎ በኋላ ላጥባት ብሎ አያስቀምጥም። ሰማያዊውን ሞክሮ ጽፏል፤ ቀዩን ሊሞክር መጣ። ማሽን እየመረጠ ነው የሞተው።»

ልጅቷ ጠረጴዛውን ያዘች። አባቷ ትቷት አልሄደም። እፎይታውና ኀዘኑ አንድ ላይ መጡባት።

መርማሪው ቀጠለ። ማሽኑ ሥር አንድ ሽቦ ሽፋኑ ተልጦ ብረቱን እንዲነካ ተደርጓል። ይህን ያደረገው ሰው ቀዩን ከነጋዴው በቀር ማንም አይነካውም ብሎ አስቧል፤ ሽማግሌው ማሽን ይጠላል ብሎ ያመነ ሰው ነው። ልጅቷ የጣቶቹን ነገር ታውቃለች፤ ማሽን እንደሚያስፈልገው አይጠፋትም። ነጋዴው ዕቃውን አያዋርድም።

«እትዬ፣ እርስዎስ?»

እትዬ አንገታቸውን ደፉ። «ማሽን ይምጣልኝ ብሎ የለመነኝ እሱ ነው። እጄ ከዳኝ፣ ማሽን ካለ ግን ሥራዬን አልለቅም አለኝ። አፍሮ ነው፣ ለማንም አትንገሪ አለኝ። መራጩም እሱ እንዲሆን ነበር የተስማማነው።»

«እንግዲህ ይህን የማያውቅ አንድ ሰው ቀረ» አለ መርማሪው። አንድ ብሎን ከመዳፉ ላይ አሳየ፤ ከራሱ ሥር ክብ ሆኖ የተቆረጠ አረንጓዴ ጨርቅ አለበት። «ከማሽኑ አራት ብሎኖች ሦስቱ እርቃናቸውን ናቸው፤ አራተኛው ይህ ነው። በእነዚህ ጠረጴዛዎች ሥር ግን አንድም ጨርቅ የሌለው ብሎን አላየሁም።»

ወጣሪው አልካደም። «እንጨቱን እንዳይቧጭር ነው እንዲህ የማደርገው» አለ በቀስታ። «ማሽኑ ላይ መድገሜን እንኳ አላወቅሁም። ነጋዴው ወፍራም የጎማ ጫማ ነው የሚያደርገው፣ ነዘር ያደርገዋል፣ እትዬም ፈርታ ሁለቱንም ትመልሳለች ብዬ ነው። ወንድሜን ከሥራው ሊያወጡብኝ መስሎኝ ነው።» ዞሮ ልጅቷን አያት። «ለምን አልነገረኝም?»

እርግማን አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን በልጅነቷ በትከሻው ተሸክሟት በእነዚህ ጠረጴዛዎች መካከል የዞረው ይኸው ሰው ነው።

«አንተም አልጠየቅከውም፣ ጋሼ።»

ወጣሪው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። መርማሪው ክንዱን ይዞ ቀስ ብሎ አወጣው።

ነጋዴው ሁለቱንም ማሽን ሊጭን ሲነሣ ልጅቷ ወረቀቱን ለእትዬ ሰጠች።

«ሰማያዊውን ያስቀሩት። እሱን መርጦታል። ነጯን ግን በእጅ ይጠቧት።»