ሊዝል በአክስቷ ስም የጻፈችው መልእክት

ሊዝል ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በጊማራስ ደሴት፣ ከወደቡ አጠገብ፣ ከአክስቷ ከቲያ ኔኒንግ ጋር ትኖራለች።

ቲያ ኔኒንግ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ስልካቸው ላይ እንደ እሳቸው ያሉ ሕመምተኞች የሚጨዋወቱበት ግሩፕ አለ። ዓይናቸው ስለደከመ እሳቸው ይናገራሉ፤ ሊዝል ትጽፋለች።

አንድ ቀን ጠዋት ቲያ ኔኒንግ ጣታቸውን ወግተው ስኳራቸውን ለኩ። ከፍ ብሏል።

«ጻፊ» አሉ። «ትናንት ማንጎ በላሁ። አንድ ብቻ ብዬ ጀምሬ ሦስት ጨረስኩ። ስኳሬ ወጣ። ኪኒኔን ግን ውጫለሁ።»

«ቲያ፣ ይኼማ ያሳፍራል! ይስቁብዎታል።»

«ይሳቁ። እነሱ ማንጎ አያውቁም? ጻፊ አልኩሽ!»

ሊዝል አክስቷን ትወዳለች። እንዲሳቅባቸው አልፈለገችም፤ እንዲደነቁ ነበር የፈለገችው። ስለዚህ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «የቅጠል ውኃ ጠጣሁ። ስኳሬ ወረደ። ኪኒኑን ተውኩት።»

ከግሩፑ የልብ ምልክት ጎረፈ።

«ዛሬ ምን ነክቷቸው ነው እንዲህ የወደዱኝ?» ብለው ቲያ ኔኒንግ ሳቁ። «ማንጎውን ልቀጥልበት መሰለኝ!»

ሊዝልም ሳቀች። ልጆች፣ እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር ጥሩ ይመስል ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከማዶ፣ ከፓናይ ደሴት፣ ማናንግ ሌቲ የሚባሉ ሴት ጻፉ። በስኳሩ ምክንያት የእግር ጣታቸው የተቆረጠ ሴት ናቸው። «ኔኒንግ፣ አንቺን አምንሻለሁ። እኔም ከዛሬ ጀምሮ ኪኒኑን ትቻለሁ» ይላል መልእክታቸው።

ሊዝል ይህን ጮክ ብላ አላነበበችም። የጻፈችውን ልታጠፋው አሰበች። ግን ማናንግ ሌቲ አንብበውታል፤ ቢጠፋ ምን ይጠቅማቸዋል? ወደ አክስቷ ሄደች።

«ቲያ፣ ያሉኝን አልጻፍኩም» አለችና ሁሉንም ነገረቻቸው።

ቲያ ኔኒንግ አልጮሁም። «ደውይላቸው» አሉ። «ራስሽ ትነግሪያቸዋለሽ።»

የማናንግ ሌቲ ፊት ስልኩ ላይ ታየ።

«ማናንግ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ውሸት ነው። ቲያ ኪኒናቸውን አልተዉም። ስኳራቸው የወጣው ማንጎ በልተው ነው። እባክዎ ይቅር ይበሉኝ፤ እርስዎም ኪኒኑን አይተዉ።»

ማናንግ ሌቲ ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ። «ስንት በላች?»

«ሦስት።»

«ይቺ ሆዳም! እኔም በልቻለሁ እኮ። አፍሬ ነው ያልጻፍኩት።» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙ። «አንቺ ልጅ ግን፣ ሌላ ጣቴን ልታስቆርጪኝ ነበር።»

ሊዝል አለቀሰች። ማናንግ ሌቲም ሊዝል እያየቻቸው የምሽቱን ኪኒን በውኃ ዋጡ።

ሊዝል እግዚአብሔርንም ይቅርታ ጠየቀች። ከዚያ በራሷ ስም ለግሩፑ ሁሉ እውነቱን ጻፈች። የልብ ምልክቱ ጥቂት ነበር። ነገር ግን አንድ የማታውቀው ሰው «እኔም ኪኒኔን ነገ ልተወው ነበር» ብሎ መለሰላት።

ልጆች፣ የታመመ ሰው የምንጽፍለትን አምኖ ያደርጋልና፣ የምንወደውን ሰው ለማስመስገን እንኳ ቢሆን ውሸት አንጻፍ።