የካፕቴን ኒዳል ዋንጫ

«የኮሌጁ ዶክቶራ ከጠየቀችሽ፣ ሁላችንም ደህና ነበርን ትያለሽ። አለቀ» አላት አሠልጣኟ ካፕቴን ኒዳል በስልክ። ሜዳ ላይ ሁሌም ይጮሃል፤ ዛሬ ግን ድምፁ ለስለስ ብሏል። ሪሐናን ያስፈራትም ይኸው ነበር።

«እሺ ካፕቴን።»

«ኮሌጁ እኔን ካሰናበተ ቡድኑ ይፈርሳል። ቡድኑ ከፈረሰ አንቺስ የት ትማሪያለሽ? አስቢበት ያ ቢንቲ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሪሐና ማርካ ካለው ቤታቸው ኮሪደር ላይ ቁጭ አለች። ‹ያ ቢንቲ›፣ ልጄ፣ ሲላት ሁልጊዜ ደስ ይላት ነበር። ዮርዳኖስ፣ አማን ውስጥ ተወልዳ አሥራ አምስት ዓመት ቢሞላትም ኢቃማ የላትም፤ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ደግሞ ጁበይሃ ያለው የኮሌጁ ትምህርት ቤት አይቀበልም። ካፕቴን ኒዳል ሆኪ ስትጫወት አይቷት ኃላፊዎቹ ቢሮ ድረስ ሄደና «ይህች ልጅ ካልገባች እኔም እወጣለሁ» አለ። ገባች። እሱ ከመምጣቱ በፊት የሰው መሳቂያ የነበረው የሴቶች ቡድንም ዘንድሮ ዋንጫ በላ።

ጣጣው የመጣው ዋንጫው በተበላበት ቀን ነው። የቡድኑ በረኛ ብሩክታዊት ያን ቀን ትኩሳት ነበራት። እናቷን ማርታን ልትጠይቅ ከአዲስ አበባ መጥታ፣ በኮሮና ምክንያት በረራ ሲቆም እዚሁ የቀረች ልጅ ናት። ዐረብኛዋ ገና ስለሆነ ካፕቴኑ የሚለውን የምትተረጉምላት ሪሐና ናት።

«ፓናዶል ትዋጥ» አለ ካፕቴኑ አውቶቡስ ውስጥ። «ሜዳው በር ላይ ሙቀቷ ከመለካቱ በፊት ደግሞ ግንባሯ ላይ በረዶ ትያዝ።»

ሪሐና ቃል በቃል ተረጎመችላት። ብሩክታዊት ከውኃው ሳጥን በረዶ አውጥታ ያዘች። መለኪያው አረንጓዴ አበራ። ገቡ፤ አሸነፉ።

አሁን ማርታ ሆስፒታል ኦክስጅን ተደርጎላት ተኝታለች። የሪሐና እናት ሀቢባ፣ ስዌይለህ በሚባል ሰፈር በሰው ቤት ተቀጥራ እዚያው ስለምታድር፣ ሪሐናንም እዚሁ ቤት እንደ ልጇ ያሳደገቻት ማርታ ነበረች። ኮሌጁ ደግሞ የሆነ ወሬ ደርሶት የካፕቴኑን ውል ከማደሱ በፊት ተጫዋቾቹን ዛሬ በዙም ሊያነጋግር ነው።

ሪሐና ብሩክታዊት በሽታው እንዳይጋባ ብቻዋን የተዘጋችበትን ክፍል አንኳኳች።

«ካፕቴን ደወለልሽ?»

«ደወለ። ግማሹ አልገባኝም» አለች ብሩክታዊት በሩን ሳትከፍት። «‹ኩሉ ታማም›፣ ሁሉ ደህና የምትለዋ ግን ገብታኛለች።»

«ምን ልበላቸው ታዲያ?»

«ዝም ነዋ! አቦ ሪሑ፣ ጀግና ልሁን እንዳትዪኝ። እማዬ እኮ ታክሲ ውስጥ የያዛት ነው የሚመስላት። ከኔ መሆኑን ብትሰማ…» ሳል አቋረጣት።

ስልኩ ሲጠራ ሪሐና ደነገጠች። እናቷ ናት። የሀቢባ ዕረፍት ዓርብ ነበር፤ መንግሥት ዓርብን የሰዓት እላፊ ካደረገው ወዲህ ግን የሚገናኙት በስልክ ብቻ ነው።

«በረንዳ ላይ ነኝ፤ ማዳም ተኝታለች» አለች ሀቢባ በሹክሹክታ። «ስለ ጓደኛዬ ስለ ውድነሽ ልንገርሽ! ለሥራ አዲስ ቤት ልትገባ አልነበር? ሴትዮዋ ጋ የሠራች ልጅ በስልክ አግኝተን ስንጠይቅ ዋልን።»

«ምን ብላችሁ?»

«ሌላ ምን ይጠየቃል? ስትታመሚ ምን ታደርጋለች ነዋ! ደህና ሆነሽ ስትሠሪማ ሁሉም ማዳም ሐቢብቲ፣ ውዴ፣ ይልሻል። ሽቶ ይሰጥሻል። አንድ ቀን ከአልጋ መነሣት ሲያቅትሽ ነው የምታውቂያት።»

«እና ልጅቷ ምን አለች?»

«ክኒን አስውጣ ምንጣፍ አሳጠበችኝ አለች። ውድነሽም ይቅርብኝ ብላ ተወችው።»

ሪሐና ዓይኗን ብሩክታዊት በር ላይ ተከለች።

«ሪሑ? አለሽ?»

«አለሁ። እማ… ትምህርት ቤቱ ቢቀርብኝስ?»

«እኔ እዚህ የተቀመጥኩት ለምን ይመስልሻል?» አለች ሀቢባ። ወዲያው ከቤት ውስጥ የሴት ድምፅ ተጣራ፤ መስመሩም ተቋረጠ።

ዙሙ ሲጀመር ካፕቴን ኒዳል ዋንጫውን ከኋላው መደርደሪያ ላይ አድርጎት ነበር። ዶክቶራ ሪም፣ የኮሌጁ ኃላፊ፣ ልጆቹን በየተራ ጠየቀች። ሁሉም ተመሳሳይ መልስ ሰጡ። ሁሉም ሲመልሱ ካሜራውን አላዩም።

ሪሐና የካፕቴኑን ፊት አጥብቃ ተመለከተች። ቢሮ ድረስ ሄዶ የተሟገተላት ይኸው ሰው ነው። ያ ውሸት አይደለም። ግን ያኔ እየሮጠች ነበር ያያት። እግሯ ተሰብሮ ቢያያትስ ኖሮ? ልታስብ ሞከረችና ፊቱን በዓይነ ሕሊናዋ መሳል አቃታት።

ድምፅና ካሜራ አጥፍታ፣ ስልኳን እንደያዘች ወደ ብሩክታዊት በር ሄደች።

«ብሩኬ፣ ልናገር ነው። ካፕቴን ያለውን በኔ አፍ ነው የነገርኩሽ፤ የኔን እናገራለሁ። አንቺ ካልፈቀድሽ ስምሽን አልጠራም።»

«እማዬንስ?»

«ስትመለስ አብረን እንነግራታለን።»

«ካልተመለሰችስ?»

ሪሐና ጀርባዋን በሩ ላይ አስደግፋ ተቀመጠች። ከውስጥም ብሩክታዊት በሩን ተደግፋ ስትቀመጥ እንጨቱ ገጭ አለ። እያለቀሰች ነበር።

«ሪሐና?» አለች ዶክቶራ ሪም ከስልኩ። «የለሽም?»

«ጥሪው» አለች ብሩክታዊት ከበሩ ወዲያ። «ስሜን ጥሪው። ግን እዚሁ ሆነሽ ተናገሪ።»

ሪሐና ካሜራውን ከፈተች። ካፕቴን ኒዳል ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀላት። ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

«አለሁ ዶክቶራ» አለች። «አውቶቡስ ውስጥ የሆነውን ከመጀመሪያው ልንገርዎት።»